ቢጫው ወይስ ሮዙ

ቢጫው በግራ፣ ሮዙ በቀኝ፣ ወይስ ተገላቢጦሽ፣ አይደለም፣ ቢጫው በግራ ነው፣ ሀዲጃ ናት ሽቶዎቹን በሁለቱ የእጁ አንጓ ላይ ረጨት ረጨት ያደረገችለት፣ አሁን ሠረቀብርሃን ዲላ መሀል ከተማ፣ ሀዲጃ ሱቅ ውስጥ፣ እጆቹን ወደ ላይ ይዞ እንደ ተማረከ ወታደር ተገትሯል፣ ክርና መርፌ ቁልፍ ብሎ ነው እኮ የገባው፣ ሁለት ጥቅል ነጭ ክርና መርፌ ቁልፍ፣ የልጁ የሮሆቦት ቬሎ ወገቡ ላይ ሰፍቷት፣ ሰርጉ እሑድ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ባለቤቱ እሌኒ ቶሎ ና ብላዋለች፣ ክሩን ሳይጠይቅ ዓይኑ ሽቶ መደርደሪያው ላይ አረፈ፣ አረፈና ቀረ። የስልሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ። ሽቶ መራጭ። ወይ ጉድ!

ለማን ነው ጋሼ፣ ለሙሽሪት ነው ለእናቷ፣ ትላለች ሀዲጃ ፈገግ ብላ፣ ሁለቱም አበባ አበባ የሚሉ ናቸው፣ ቀለል ያሉ፣ ጣፋጭ፣ ራስ የማያዞሩ፣ ሮዙ አዲስ የገባ ነው፣ ቢጫው ደግሞ የቆየ ግን ደንበኛ ያለው፣ ወላሂ በሁለቱም አያፍሩም። ለእናቷ፣ ይላል። ለእናቷ ሲል ድምፁ ወደ ውስጥ ቀረ፣ ሰማችው ይሆን፣ ነጋዴ ናት፣ ነጋዴ የማይሰማው የለም።

በቀኙ ይጀምራል። ሮዙ። ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንደ ድሮው፣ ስኒዎቹ ተደርድረው ማንኪያ እጁ ላይ ሳለ እንደሚያደርገው፣ መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀጥሎ ጽጌረዳ፣ ጠዋት የተቆረጠ፣ ጤዛው ያልደረቀ፣ መጨረሻ ላይ ስኳር፣ ልጅ ኪስ ውስጥ የቀለጠ ከረሜላ፣ ንጹሕ ነው፣ ጉድለት የለበትም፣ ነጥብ ስጥ ቢባል ሰማንያ ስድስት ይሰጠዋል፣ ሠላሳ ዓመት ቡና የቀመሰ አፍንጫ ነው ይሄ፣ የወናጎን ከይርጋጨፌ፣ የይርጋጨፌን ከኢዲዶ በጠረን ብቻ የሚለይ፣ የሠረቀ አፍንጫ ዳኛ ነው የተባለለት። ዳኛ! እንዲህ ያለውን ዳኛ እግዜር ይይለት።

ግራውን አያሸትም። ገና ነው። ክንዱን ዘርግቶ ከራሱ ያርቀዋል፣ ግን ሽታ በር አያንኳኳም፣ ገባ፣ ጠምበለል ነው፣ አጥር ላይ የሚያብበው ነጩ ጠምበለል፣ ከሥሩ የቡና አበባ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ነክቶት ማሳው ሁሉ ነጭ ሲለብስ፣ ከዚያ ማር፣ ጥቂት። ጠርሙሱ ሌላ ነው፣ ክዳኑ ያኔ ክብ ነበር፣ የዛሬው አራት ማዕዘን፣ ግን እሱ ነው። ራሱ ነው። ወንድይፍራው ከጅቡቲ ያመጣላት ሽቶ፣ የእሌኒ ወንድም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የከባድ መኪና ሹፌር፣ በፎጣ ጠቅልሎ፣ እህቴ ዲላ ጭቃ ውስጥ አስተማሪ ሆና ቀረች፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ከተማ ሴት ትሽተት ብሎ፣ ሠረቀብርሃንም የዚያን ዕለት አንገቷ ሥር ጠጋ ብሎ ቡና ሲያብብ የሚሸተውን ትሸቻለሽ አላት፣ አላት እኮ፣ በገዛ አፉ፣ እሷም ሳቀችና ይሄ ሰው ከቡና ሌላ አያውቅም አለች። ሁለት ወር ተቀባችው። ሁለት ወር ብቻ።

ያሳፈርኩት ይበቃል። ትናንት ከሰዓት ነው፣ ሠረቀብርሃን የሰርግ ወንበር ተሸክሞ ጓዳው በር ጋ ሲደርስ፣ ውስጥ እናትና ልጅ ልብስ ይተኩሳሉ፣ ሮሆቦት፣ እማዬ ለኔ ሰርግ እንኳ ሽቶ ተቀቢ፣ በናትሽ፣ እሌኒ፣ የአባትሽ አፍንጫስ፣ ሮሆቦት፣ ኧረ እማ፣ አባዬ ሪታየር ካደረገ ዓመት አለፈው፣ አፍንጫው ራሱ ፔንሽን ላይ ነው፣ ሳቅ፣ የልጅቷ ብቻ፣ ካውያው እስስ ይላል፣ ከዚያ እሌኒ፣ ተይኝ ልጄ፣ ለምጄዋለሁ፣ ደግሞም አንዴ ያሳፈርኩት ይበቃል። ወንበሩ እጁ ላይ እንዳለ ቀረ። ያሳፈርኩት! እሷ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው ስትል የኖረች ሴት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ በዚህች ዓለም አንድ ሰው ብቻ፣ እሱም በር ላይ ወንበር ታቅፎ የቆመው ጅል።

ጉንፋን ነበረበት። ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለም፣ ጉንፋን። ቀማሽ ጉንፋን ከያዘው ለኃላፊው ይናገራል፣ ዛሬ አልቀምስም ይላል፣ ቤቱ ይውላል፣ ሕግ ነው፣ ሽንኩርት በልተህ አትግባ፣ ሲጋራ አታጭስ፣ ሽቶ አትቀባ፣ ጉንፋን ከያዘህ ድርሽ አትበል፣ ግን ያን ሰሞን ሁለት ቀማሾች አፍንጫችሁ ደክሟል ተብለው መጋዘን ተመድበዋል፣ እሱም ፈራ፣ ሮሆቦት ስድስት ዓመቷ፣ የጀመረው ቤት ገና ጣሪያ ያልለበሰ፣ ፈራ፣ ማለዳ እሌኒ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችው፣ ብርድ ነው እንጂ ጉንፋን አይደለም እያላት ወጣ፣ ስኒዎቹ ፊት ቆመ፣ በማንኪያ ፉት አለ፣ ምንም። ሙቅ ውሃ። ደግሞ ፉት አለ፣ ሙቅ ውሃ። ናሙና የሚመጣው በቁጥር ነው፣ ከየት እንደመጣ ቀማሽ አያውቅም፣ ግን ጠዋት በረንዳው ላይ ናሙናውን ያወረደውን የኢዲዶ ሰው አይቶት ነበር፣ ቁጥሩንም አይቷል፣ የኢዲዶ ቡና ደግሞ አበባ ነው፣ ይሄን የጌዴኦ ልጅ በሙሉ ያውቃል፣ እናም ጻፈ። የአበባ ቃና፣ የጠራ፣ ጣፋጭ፣ ደረጃ አንድ። ያላሸተተውን አበባ ጻፈ።

ቡናው አዲስ አበባ ሄዶ ዳግም ሲቀመስ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ብዙ ቆይቶ የኮመጠጠ ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን አቶ ተክለብርሃን፣ የቅምሻው ኃላፊ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሠረቀ፣ ይሄን ኮምጣጤ አበባ ያልከው ምን ነክቶህ ነው፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሠረቀብርሃንም አፉ እንዳመጣለት፣ የባለቤቴ ሽቶ ነው፣ ኮሌታዬ ላይ ቀርቶ ነው አለ። እንዲህ ቀለለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ የሠረቀ ሚስት ደረጃ አንድ ወጣች ተባለ፣ በነጋታው ከተማው ሰማው፣ አንዱ ቀልደኛ እሌኒን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አስቁሞ፣ መምህርት፣ ዛሬስ ከየት ቀበሌ የመጣሽ ቡና ነሽ አላት፣ ተማሪዎቿ ፊት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ ይሄ ወለምታም አይደለም፣ ስብራት ነው።

ውሸት ደግሞ አንዴ ከተነገረ ቀለብ ይጠይቃል። ያን ዕለት ቤት ገብቶ ጠርሙሱን ከቁምሳጥን አወጣው፣ ግቢ ካለው ቧንቧ ሥር ደፋው፣ እሌኒ ቆማ እያየችው፣ ከእንጀራዬ ልታፈናቅይኝ ነው ወይ ብሎ ጮኸባት፣ ጎረቤት እንዲሰማ፣ ሰማም፣ ሮሆቦት አለቀሰች፣ እሌኒ ባዶውን ጠርሙስ ከመሬት አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው። ሲደፋው ምንም አልሸተተውም። አፍንጫው እንደተዘጋ ነበር። ጎረቤቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ ግቢያችሁ እንዴት ይሸታል፣ ምን አበባ ተከላችሁ ሲሉ ነበር፣ ያልሸተተው ለሱ ብቻ ነው። በዓመቱ ወንድይፍራው አዋሽ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ፣ ከዚያ በኋላ ምን ብሎ ይናገር።

ከዚያማ እሌኒ የአፍንጫው ዘበኛ ሆና አረፈችው፣ ሽታ ያለው ሳሙና ከቤት ወጣ፣ የፀጉር ቅባት ወጣ፣ ልብስ በተራ ደረቅ ሳሙና ነው የሚታጠበው፣ እንግዳ ሽቶ ተቀብቶ ከመጣ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ ይቅርታ፣ የሱ አፍንጫ እንጀራችን ነው ትላለች፣ ሳትስቅ፣ አጥሩ ላይ የነበረውን ጠምበለል አንድ ቅዳሜ በገዛ እጇ ከነሥሩ ነቀለችው፣ እሱ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣል፣ ያያታል፣ ተይው ማለት ምን ነበረበት፣ ተይው፣ አበባው ምን አደረገ፣ አንዲት ቃል፣ አላላትም፣ ሻዩን ጠጣ። ሻዩን እኮ ጠጣ!

ሊነግራት አልሞከረም አይባልም፣ ሞክሯል፣ አንዴ ከይርጋጨፌ ሲመለሱ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው አብቦ፣ እሌኒ መስኮቱን ከፍታ ፊቷን ወደ ውጭ አወጣች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ያኔ እሌኒ አላት፣ አቤት አለች፣ ረዳቱ ወናጎ ወራጅ አለ ብሎ ጮኸ፣ ምንም አይደለም፣ መስኮቱን ዝጊው እንዳይበርድሽ፣ አላት። ጀግና። ሲሸኙትስ፣ ዓምና፣ የጡረታ ሽኝት፣ አቶ ተክለብርሃን አርጅቶ በምርኩዝ መጥቶ፣ ባለቤቱንም እናመስግን፣ ይችን አፍንጫ ጠብቃ ያቆየችልን እሷ ናት ብሎ ጋቢ አለበሳት፣ አዳራሹ አጨበጨበ፣ እሌኒ ብድግ ብላ እጅ ነሳች፣ ሠረቀብርሃንም አጨበጨበ። ካጨበጨቡት ሁሉ የሱ ጭብጨባ ይበልጥ ነበር።

እና ሮዙን ቢገዛስ። ሮዙ ትዝታ የለበትም፣ እንኳን ደስ ያለሽ የሙሽራ እናት ብሎ ይሰጣታል፣ ትደነግጣለች፣ ምን ሆነህ ነው ትለዋለች፣ አፍንጫዬ ፔንሽን ላይ ነው ይላል፣ ይሳሳቃሉ፣ አበቃ። ግን ምን ብላ ነው የምትቀበለው፣ ይቅር አለኝ ብላ ነው፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ባሌ ጥፋቴን ይቅር አለኝ ብላ እግዜር ይስጥልኝ ትለዋለች፣ ያን እግዜር ይስጥልኝ በየት በኩል ይዋጠው። ያኔ አንዴ ዋሸ፣ ዛሬ በሚያምር ወረቀት ጠቅልሎ ሊዋሽ። ቢጫውን ከገዛ ግን ማምለጫ የለውም፣ ክዳኑን እንደከፈተች ታውቀዋለች፣ ይሄ የወንድዬ ነው ትላለች፣ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች፣ ያኔ መናገር ነው፣ ሙሉውን፣ ጉንፋኑን፣ ሙቅ ውሃውን፣ ኮሌታዬ ያለውን። በሰርግ ሳምንት! ልጁን ሊድር! ከሰርጉ በኋላ ቢሆንስ፣ አዎ፣ ከሰርጉ በኋላ፣ ይሄ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ይኸው ወጣ። ሮዙን ስጪኝ ሊል አፉን ይከፍታል።

ቲቸርማ ቢጫዋን ነው የምታሸተው፣ ትላለች ሀዲጃ።

ምን አልሽ?

ቲቸር እሌኒ ነዋ ጋሼ፣ አራተኛ ክፍል ያስተማረችኝ እሷ አይደለች፣ በየወሩ ትመጣለች፣ ስኳር ዘይቷን ትገዛና ያቺን ቢጫዋን አሳዪኝ ትላለች፣ ክዳኗን ብቻ ነው የምታሸተው፣ ቲቸር እጅሽ ላይ ላድርግልሽ ስላት እንቢ፣ እንዳይነካኝ፣ ቤቴ ሽታ አይገባም ትለኛለች፣ ዓይኗን ጨፍና ክዳኗን ታሸትና፣ ጠርሙሷን ራሷ ትዘጋና፣ ተባረኪ ብላ ትሄዳለች፣ አንዴ ገንዘብ አጥሯት መስሎኝ በነፃ ውሰጃት ብያት ተቆጥታኛለች።

ክዳኑን። ክዳኑን ብቻ። እንዳይነካኝ። ሠረቀብርሃን ሳይጋበዝ አጠገቡ ካለ የዱቄት ከረጢት ላይ ቁጭ ይላል፣ ጋሼ ውሃ ላምጣ፣ አይ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና አይደለም፣ ስንት ወር ነው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ስኳር ዘይት ይዛ ቤት ስትገባ ስንቴ በሩን ከፍቶላታል፣ ዛሬ ገበያ ደራ ወይ ብሏታል፣ ከደቂቃ በፊት ወንድሟን አሽትታ የመጣችውን ሴት።

ስልኩ ይጮኻል። እሌኒ ናት። የት ቀረህ ሠረቀ፣ ልብስ ሰፊዋ እየጠበቀች ነው። ሀዲጃ ጋ ነኝ። ክሩን አገኘህ? እሌኒ፣ ይላል፣ ሽቶ እያየሁ ነው። ከበስተጀርባዋ የስፌት መኪና ሲንጫጫ ይሰማል፣ ይቆማል። ያን ጊዜ፣ ይላል፣ ሀዲጃ ዘወር ብላ ሳሙና መደርደር ትጀምራለች፣ የተደረደረ ሳሙና፣ ያን ጊዜ እሌኒ፣ ሽቶሽ አይደለም፣ ሽቶሽ ምንም አላደረገም፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ምንም አልሸተተኝም ነበር፣ ፈራሁ፣ ዋሸሁ፣ ባንቺ አሳበብኩ። ወጣ። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ያልፋል፣ ምንም የወደቀ ነገር የለም።

አውቃለሁ፣ ትላለች እሌኒ።

ምን?

ዳማከሴውን የጨመቀልህ ማን ሆነና ነው ሠረቀ። ድምጿ አይጨምርም አይቀንስም፣ ክፍል ውስጥ ለልጅ እንደምታስረዳ ነው። ከጎኔ ተኝተህ ስታስል ያደርክ ሰው፣ ጉንፋን እንዳለብህ ካንተ በፊት ያወቅኩት እኔ ነኝ። ቧንቧው ሥር ስትደፋውም አውቅ ነበር። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል አልኩ። ጠምበለሉን ስነቅል ተይው ትለኛለህ ብዬ ቀስ እያልኩ ነበር የምነቅለው። ዝም አልክ። ትናንትም በር ላይ እንደቆምክ አይቼ ነው እንዲያ ያልኩት፣ እንድትሰማ።

እሌኒ፣ ይላል፣ እሌኒ፣ ይቅርታ፣ ቢጫውን አመጣልሻለሁ፣ የወንድዬን፣ አሁን ይዤው እመጣለሁ።

አታምጣ።

እሌኒዬ።

ቢጫውን ካንተ እጅ አልፈልገውም፣ እሱን አንዴ ደፍተኸዋል። እኔና ወንድሜ እዚያው ሀዲጃ ጋ እንገናኛለን፣ እዚያው ይሁንልኝ። ሮዙንስ፣ አዲስ የገባ ሌላ ሽቶ አለ፣ ይላል፣ እንደ ልጅ። የምቀባውን ነገ መጥቼ ራሴ እመርጣለሁ፣ ትላለች፣ ለልጄ ሰርግ እቀባለሁ፣ ያንተን አፍንጫ አልጠይቅም። አንተ የተላክህበትን ይዘህ ና። ደግ ነው መናገርህ፣ ትላለች፣ የስፌት መኪናው መንጫጫት ይጀምራል፣ ስልኩ ይዘጋል።

ታዲያ የትኛውን ልጠቅልልዎት ጋሼ፣ ትላለች ሀዲጃ፣ ሁሉንም ሰምታለች፣ ምንም እንዳልሰማች ሆና። አንዱንም። የተላከበት ምን ነበር፣ በሺህ የሚቆጠር ቡና ጠረን ያልጠፋበት ጭንቅላት፣ የተላከበት ጠፋበት፣ ግራ እጁን ወደ አፍንጫው ያመጣል፣ ጠምበለል፣ አሁንም አለ፣ ቢታጠብም እስከ ነገ አይለቅም፣ ቀስ እያልኩ ነበር የምነቅለው አለች፣ ቀስ እያልኩ፣ ሥሩ ጥልቅ ነበር፣ ግማሽ አጥር የሸፈነ ተክል ነው፣ ቅርንጫፉን አንድ አንድ እያለች ስትፈታ፣ አንዳንዴ ቀና ትል ነበር፣ አዎ፣ ቀና ትል ነበር፣ ፀሐይ መትቷት መስሎት ነበር፣ ወደሱ ኖሯል የምታየው። ነጭ ክር፣ ይላል፣ ነጭ ክር ነው የተላክሁት፣ ሁለት ነጭ ክርና መርፌ ቁልፍ፣ ሀዲጃ ልታመጣ ትሄዳለች፣ እሱ እዚያው ከረጢቱ ላይ ግራ እጁን እንዳሸተተ፣ ያን ቅዳሜ ሻዩ ሙሉ ብርጭቆ ነበር፣ የፈላ ነበር፣ እፍ እያለ ነው የጠጣው፣ ቶሎ የሚያልቅ ሻይ አልነበረም።